ባለቤቴ ክምሩ ላይ የቆመ ዕለት

የሰው እግር አልወድም። አልወድም ስል ለወሬ ማድመቂያ ያህል አይደለም፤ ይቀፈኛል። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ቁስል ማጠቢያ ክፍል፣ የሰው እግር ሳጥብ፣ ስፍቅ፣ ስቆርጥና ስጠቀልል ኖሬያለሁ። ሰው ሥራውን ሲለምደው የሚቀፈውም ነገር አብሮ ይለመዳል ይላሉ። እኔን በየዓመቱ ባሰብኝ እንጂ አልቀለለኝም። መጀመሪያ የሚቀፈኝ ቁስሉ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጥፍሩ ተጨመረ፣ ቀጥሎ ተረከዙ። አሁን አሁንማ ደህናው እግር፣ ያውም ታጥቦ ነጠላ ጫማ ውስጥ የተቀመጠው፣ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እንኳ ይዘገንነኛል።

ክፍላችን ጠባብ ናት። መሀል ላይ አንድ ከፍ ያለ ወንበር፣ ከሥሩ የፕላስቲክ መዘፍዘፊያ፣ በግራ በኩል ጎዝና ፋሻ፣ መቆንጠጫና መቀስ የተደረደሩበት የብረት ጋሪ፣ ከበሩ ኋላ ደግሞ ክዳኑ ተረግጦ የሚከፈት የቆሻሻ ባልዲ። ያለችው አንድ መስኮት የምትከፈተው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ሽታው ይወጣና ግድግዳውን አይቶ ይመለሳል። እኔ ጎንበስ ብዬ «ቀጣይ» እላለሁ፣ እግር ይገባል። ሰውየውን አላየውም። ሦስት ወር ሙሉ ያከምኩት ሰው መንገድ ላይ «ሲስተር፣ እንደምን ነሽ?» ሲለኝ ማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል። ጫማውን ቢያወልቅልኝ ግን ወዲያው አውቀዋለሁ።

እጄ ግን ጥሩ ነው፤ ይሄን ማንም ይመሰክርልኛል። ፊቴም አያሳብቅብኝም። የቱንም ያህል የከፋ ቢመጣ «አይዞህ፣ ይድናል» እያልኩ እሠራለሁ፤ የሚዘገንነኝን ነገር ሁሉ ውጬ ውጬ ቤት እገባለሁ። ለዚህም ነው ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ ያወጣሁት። እግር አይታይም።

ሕጉን ያወጣሁት በተጋባን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ ሶፋው ላይ ጋደም አለና ካልሲውን አውልቆ የእግሩን ጣቶች ማፍታታት ጀመረ። እኔ በዚያን ቀን ከአሥራ ሰባት እግር ጋር ውዬ ነው የመጣሁት። «ስማ፣ በዚህ ቤት የፈለግከውን ሁን፤ እግርህን ግን አታሳየኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «የሌላው ሚስት ባሏን አትጠጣ ትላለች፤ አንቺ የምትፈሪው ካልሲ ማውለቄን ነው?» አለ። ከሳቀ በኋላ ግን ካልሲውን መልሶ አደረገ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካልሲውን እንዳደረገ በላ፣ እንዳደረገ ተኛ። እግሩን የሚታጠበው በጓሮ በር በኩል ካለው ቧንቧ ላይ ነው። እኔም ግራጫ አፍ ያላቸውን ጥቁር ካልሲዎች በደርዘን እየገዛሁ መሳቢያውን እሞላለሁ። ትዳራችን ሰላም ነበር።

ባለቤቴ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ከሕዝብ መናፈሻው በር ፊት ለፊት ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ጥርሳቸው በባዶ ዓይን የማይለዩ ማርሾችን በመቆንጠጫ እያነሳ ሲያስቀምጥ ይውላል። ዝንብ ብታስነጥስ ይማርሽ የሚል ዓይነት ጸጥተኛና ጠንቃቃ ሰው ነው። ችግሩ መቀመጡ ነው። አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላው ቦርጩ ከጠረጴዛው ጋር መጋጨት ጀመረ፤ እኔም «ተነሥና ተንቀሳቀስ፣ ሰውነትህ ዛገ» እያልኩ እነዘንዘው ነበር። እንግዲህ አፌን ያለቦታው የከፈትኩት እኔው ነኝ።

አንድ ቀን ሰዓቱን ሊያሠራ የመጣ ጡረተኛ የስፖርት መምህር አጠመደው። ይሄ ሰውዬ በየጠዋቱ መናፈሻው ውስጥ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ በባዶ እግር የሚሮጥ ቡድን አለው። «ጫማ የእግር እስር ቤት ነው። ቆዳ የሰጠህ አምላክ ሶል መጨመር አቅቶት ነው?» ይላል። የሚያወራው ሁሉ ስለ ቆዳ ስለሆነ እኔ በሌለበት «ቆዳው» እለዋለሁ። ባለቤቴ ይሄን ሰምቶ ማታ ራት ላይ በባዶ እግር ልሮጥ ነው ሲለኝ ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጠጠር ላይ? ውሻው ሁሉ የሚጸዳዳበት፣ ሰው ሁሉ የሚተፋበት መንገድ ላይ?»

«እግሬን እዚያው ታጥቤ ነው የምመጣው። አንቺ ምንም አታይም።»

«እሱማ አላይም። እስቲ ክንድህን አምጣ» አልኩና በነጋታው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወጋሁት። ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሱቁን ቁልፍ ረስቶ ስለወጣ ይዤለት ወደ መናፈሻው ሄድኩ። ምን ቆርጦኝ እንደገባሁ አላውቅም፤ በሩ ላይ ላለው ዘበኛ መስጠት እችል ነበር። ገብቼ ያየሁትን እስካሁን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። አሥራ አምስት የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ አውቶቡስ ነጂ፣ ሁሉም ቤተሰብ ያላቸው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው እግራቸውን አንስተው ውስጥ እግራቸውን እርስ በርስ ይተያያሉ። ጥቁር ነው። የተሰነጠቀ ነው። አንዷ ከጣቶቿ መሀል ጠጠር እየለቀመች ትወረውራለች፣ አንዱ ከተረከዙ ላይ ፕላስተር ላጥ አድርጎ መንገዱ ላይ ይጥላል። ቆዳው ራሱ ደግሞ እግሩን ጉልበቱ ላይ ሰቅሎ የተረከዙን ቆዳ በሴንጢ ይልጣል። ልጣጩ የሚረግፈው ሰው ዳቦ የሚበላበት ወንበር ላይ ነው። እኔን ሲያይ ብድግ አለና ያንኑ እጁን ዘረጋልኝ። «እህቴ፣ ባለቤትዎ ዛሬ ክምሩ ላይ ይወጣሉ፤ በሰዓቱ ደረሱ» አለኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ክምሩ የሚሉት የመናፈሻው ሠራተኞች መንገዱ ሲሳሳ የሚጨምሩበት፣ ገና ያልተረገጠ የተፈጨ ጠጠር ነው። ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ተቆልሏል፤ ስለቱ ያልሞተ፣ ጫፉ የሚወጋ። እነሱ ዘንድ አዲስ ሰው ሙሉ አባል የሚሆነው ክምሩ ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ እስከ ሁለት መቶ ከቆጠረ ነው። ቆዳው ከፊት ለፊቱ ቆሞ ፊቱን ያያል። ቅንድቡ ከተነሳ፣ ከንፈሩ ከተነከሰ፣ ወረደ ማለት ነው፤ ከወር በኋላ እንደገና። ልብስ ሰፊዋ አምስት ጊዜ ወድቃለች። አውቶቡስ ነጂው ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚያህል ሰው ስልሳ ላይ ሲደርስ እንባው መጥቷል።

ባለቤቴ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ መቁጠር ጀመረ። እኔ ዓይኔን ከጉልበቱ በታች አላወርድም፤ ፊቱን ነው የማየው። ፊቱ ሱቁ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ያለ ሰው ፊት ነበር። ሰባ ላይ ሲደርስ የቆዳውን እጅ ያዝ አደረገና «ይሄ ሰዓት አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለው። እዚያው ቆሞ፣ እየቆጠረ፣ ሰዓቱን አስተካከለለት። ሁለት መቶ ሲሞላ «ልጨምር?» ብሎ ጠየቀ። ጭብጨባው መናፈሻውን አናወጠው። ልብስ ሰፊዋ «ይሄ ሰው ብረት ነው» አለች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ብረቱ ሆኖ ቀረ።

እኔም አጨበጨብኩ። ይሄን ሳልናገር ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አጨበጨብኩ። እዚያ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ፣ አንድ ወር ተኩል የሮጠ ሰው ስለታም ጠጠር ላይ ቆሞ ለምን አያመውም ብሎ መጠየቅ የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ የማያቸው እግሮች ግማሾቹ ስኳር በሽታ ያደነዘዛቸው ናቸው። ሚስማር ወግቷቸው ሳያውቁ ሳምንት የሄዱ ሰዎችን አውቃለሁ። የደነዘዘ እግር መጨረሻው መጋዝ እንደሆነም አውቃለሁ። የገዛ ባሌ ግን ክምር ጠጠር ላይ ቆሞ ሰዓት ሲጠግን እያየሁ ያሰብኩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእነዚህ ሰዎች እግር ቶሎ ርቄ ቤቴ ስለመግባት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ ሩጫው ያመጣው ደህና ነገር አድርገን ቆጠርነው። ከሳ፤ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ጎረቤት ሁሉ «ወጣት ሆነ እኮ» ይለኛል፣ እኔም ደስ እያለኝ እስቃለሁ። ውሃ በጆግ ይጠጣ ጀመር። «ሯጭ ውሃ ያስፈልገዋል» ይላል፣ ትክክል ነው እላለሁ። ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ ያን ሁሉ ውሃ ሲጠጣ የት ይሂድለት? ማርሾቹ ብዥ ይሉብኛል ብሎ የማጉያውን መስታወት ለወጠ፤ ዕድሜ ነው አልነው። አንድ በሽተኛ እነዚህን አራት ነገሮች ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ቢነግረኝ ዓረፍተ ነገሩን ሳያስጨርሰው ጣቱን ወግቼ ስኳሩን እለካ ነበር።

ቀጥሎ ሽታው መጣ።

ሽታውን አውቀዋለሁ። ማንም ቁስል አጣቢ ያውቀዋል፤ ጣፋጭነት ያለው፣ የበሰበሰ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። አንድ ማታ ሳሎን ተቀምጠን ቴሌቪዥን ስናይ አፍንጫዬ ላይ መጣ። ከራሴ ነው ብዬ ነበር ያመንኩት። ተነሥቼ ገላዬን ታጠብኩ። በነጋታው ሲሸተኝ ጋውኔን ሁለት ጊዜ ቀቀልኩት። የሥራ ጫማዬን ውጭ ማሳደር ጀመርኩ። ፀጉሬን በሎሚ አሸሁት። ልጃችን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ አፏ ወንፊት የለውም። «እማዬ፣ አትቀየሚኝና፣ ከሥራ ስትመጪ ቀጥታ ሻወር ግቢ። ሶፋው ሁሉ አንቺን አንቺን ይላል» አለችኝ። ባለቤቴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ።

ራሴን እንደዚያ ተጠይፌው አላውቅም። የክፍላችንን ኃላፊ በር ዘግቼ «እስቲ ባክሽ አሽትቺኝ» ብያታለሁ፤ እንደ ልጅ አንገቴን አሸተተችኝና «ሳሙና ሳሙና ነው የምትዪው» አለች። አላመንኳትም። እኛ ሁለታችንም አፍንጫችን የሞተ መሰለኝ። ባለቤቴን ሽታዬ እንዳያስጠላው ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ መተኛት ጀመርኩ። እሱም በበኩሉ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነበር የሚተኛው። መሀላችን ሰው የሚያስተኛ ቦታ ነበር፤ ሁለታችንም እያፈርን።

የአንድ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። ጋውን አልነካሁ፣ ቁስል አላየሁ። መጋረጃውን አጠብኩ፣ የሶፋውን ልብስ አወለቅኩ፣ በረኪና በየፍሳሹ ደፋሁ። በስድስተኛው ቀን ቤቱ በረኪናና ያንኑ ሽታ ይሸት ነበር። ሰባተኛው ቀን ላይ እንግዲህ ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል፣ ይሄ ሥራ እስከ ሞቴ አይለቀኝም ብዬ አለቀስኩ። ሰኞ ወደ ሥራ ተመለስኩ።

ዘጠነኛው ወይ አሥረኛው ታካሚ ላይ ነው። «ቀጣይ» አልኩ ቀና ሳልል። መጀመሪያ የገባው ሽታው ነው። የክፍሉ ሽታ አልነበረም፤ የቤቴ ሽታ ነው። ቀጥሎ ወንበሩ ሥር ግራጫ አፍ ያለው ጥቁር ካልሲ ያደረገ እግር መጥቶ ቆመ። እግሩን አላወቅሁትም። ካልሲውን አወቅሁት።

«ካርድ አውጥቻለሁ ሲስተር» አለ ባለቤቴ። ካርዱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ተራዬ ደርሶ ነው። ከጠዋት ጀምሬ ነው የተሰለፍኩት።»

«ቤት አብረን አድረን? ቤት ለምን አላሳየኸኝም?»

«ቤትማ አይቻልም» አለ።

ሊወቅሰኝ ብሎ አልነበረም። እዚህ መኪና ማቆም አይቻልም እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አስቀመጥኩት። ካልሲው ከእግሩ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በውሃ እያራስኩ ቀስ በቀስ ላጥኩት። እኔ ስልጥ እሱ ያወራል። ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ሥር ዝንብ እየተሰበሰበ አስቸግሮት ኖሯል። ዓርብ ዕለት አንዲት ደንበኛ አፍንጫዋን ይዛ «እዚህ ሥር አይጥ ሳይሞት አይቀርም» ስትለው ነው ነገሩ የከነከነው። ካልሲዎቹን ሱቅ ውስጥ እያጠበ እኛ እንዳናይ ሲያደርቃቸው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቆዳውን አማክሮት ነበር። ቆዳው «እርጥበቱ ቆዳህ እየተቀየረ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ ሩጥ» ብሎታል። ሮጠ።

ካልሲው ወጣ። የአውራ ጣቱ ጫፍ ጠቁሯል፣ ቀጣዩም እየተከተለው ነው። ከሥራቸው፣ እግሩ መሬት በሚነካበት ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ዳር ዳሩ ነጭ የሆነ ቀዳዳ አለ። መቆንጠጫዬን ወደ ውስጥ ሳስገባ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ድምፅ ሰጠ። ስቤ አወጣሁት፤ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል፣ ጫፉ ስለታም ጠጠር። ከኋላው የመጣውን መግል አልናገርም። ያንን ሁሉ ሳደርግ ባለቤቴ ወሬውን አላቋረጠም፤ ዝንቦቹን በምን እንዳባረራቸው እየነገረኝ ነበር።

ጠጠሩን የብረት ትሪው ላይ ጣልኩት። ድምፁን ሲሰማ ዝቅ ብሎ አየና «ከየት መጣ?» አለ።

«ከአንተ።»

«መቼ ገባ?»

ስኳር ላለበት ሰው የምናደርገው ምርመራ አለ። ቀጭን የፕላስቲክ ክር ነው፤ ታካሚው ዓይኑን ይጨፍናል፣ እኛ እግሩን አሥር ቦታ ላይ እንነካለን፣ ሲሰማው ይናገራል። መሳቢያውን ከፈትኩና ክሩን አወጣሁ። ዓይንህን ጨፍን አልኩት።

«ስነካህ እሺ በል።»

መጀመሪያ እንዲለየው መዳፉን ነካሁት። «እሺ» አለ ወዲያው። ደህናውን እግር ጀመርኩ። አውራ ጣት፣ መሀል ጣት፣ ትንሿ ጣት። ተረከዝ። ዝም። ወደ ቁስለኛው ዞርኩ። ክሩ እስኪታጠፍ ድረስ ተጫንኩ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ታዛዥ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ይጠብቃል። አሥሩንም ቦታ በሁለቱም እግር ጨረስኩ። አንድ ቦታ ደግሜ ሞከርኩ።

«ጀምሪ እንጂ» አለኝ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ውጭ ሰው እየጠበቀ ነው።»

የክፍላችንን ኃላፊ ጠርቼ ስኳሩን እሷ ለካችለት፤ እኔ ጣቱን መውጋት አቅቶኝ ነበር። መሣሪያው ቁጥር መስጠት ተስኖት ከልክ በላይ የሚለውን ምልክት ብቻ አሳየ። ሃያ አንድ ዓመት ለስንት ሰው ሚስት «እንዴት ሳታዪው?» ብዬ ተናግሬያለሁ። ጎረምሳ ሐኪሞች ፊት ሴቶቹን አሳፍሬያለሁ። ኃላፊዋ ያንን ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ሪፈሩን ራሷ ጻፈች።

ሆስፒታል አውራ ጣቱንና ቀጣዩን ቆረጡ። ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ሦስት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ከቁርጭምጭሚቱ ነበር አለኝ። የቀረው እግር መዳን አለመዳኑን የሚወስነው ከዚህ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ነው፤ በየቀኑ መታጠብ፣ በየቀኑ መታየት፣ ይሄን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም አለኝ። አያስፈልገውም።

በአራተኛው ቀን ቆዳው ሊጠይቅ መጣ። በባዶ እግሩ ነው የመጣው፤ በሆስፒታሉ ወለል ላይ፣ እኔ ምን ምን እንደሚፈስበት በማውቀው ወለል ላይ። አልጋው ጫፍ ላይ ቆመና ብርድ ልብሱን አየት አድርጎ «ብረቱ፣ አይዞህ። ከሁላችን የበለጠ ቆዳ የነበረህ አንተ ነህ» አለው። ባለቤቴ ፈገግ አለ። ደስ ብሎት ነበር፤ እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው። በሕይወቱ ሙሉ ሰው ያጨበጨበለት በዚያች ቅዳሜ ብቻ ነበርና፣ አሁን ደግሞ ያ ጭብጨባ ለበሽታው እንደነበር ማን ይንገረው?

ሰውየውን እስከ ኮሪደሩ ሸኘሁት። «ክምሩ ላይ ያቆማችሁት ሰው እግሩ ሞቶ ነው ያልወረደው» አልኩት። ቆዳው ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ እኛ በምን እናውቃለን? እርስዎ ነርሷ ነዎት፤ እዚያው ቆመው ነበር» አለኝ።  እውነቱን እንዲያ ካለ አፍ መስማት ያንገሸግሻል። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያልበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቤት መጣ። በክራንች ነው፣ ካልሲ አድርጎ። የቁስሉን ማጠቢያ ሁሉ ገዝቼ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ነበር፤ ጎዙን፣ ፋሻውን፣ አዲሱን መዘፍዘፊያ። ለነገ ጠዋት ብለን ተኛን። አልጋው መሀል ላይ ተኛሁ፤ እሱ ግን ከልማዱ ጫፉ ላይ ነበር።

ጠዋት ስነቃ የለም። ክራንቹም የለም። ጠረጴዛው ላይ ጎዙና ፋሻው የለም። መታጠቢያ ቤቱ ከውስጥ ተቆልፏል፣ ውሃ ይፈሳል። ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ። ሰዓት ሲሠራ እንደሚያደርገው በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ መቀሱ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ለማንሳት ሲታገል ክራንቹ ተከትሎ ወደቀ። ሽታው በበሩ ሥር መጣ። ከበፊቱ ቀሏል፤ ግን እዚያው ነው።  ልጃችን ከክፍሏ ብቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

በሩን አንኳኳሁ።

«ቆይ፣ ልሸፍነው» አለ ከውስጥ።

«ሳትሸፍነው ክፈት።»

ውሃው ቆመ። 

«ይቀፍሻል» አለኝ።

አይቀፈኝም ልለው አፌ ላይ ነበር። ለሃያ አንድ ዓመት ለማላውቀው ሰው ሁሉ የምለው እሱን ነው፤ ይሄን ያህል ዘመን ካልሲውን አድርጎ ለተኛልኝ ሰው መዋሸት ግን አስጠላኝ።

«አዎ፣ ይቀፈኛል» አልኩት። «ክፈት።»